ከብየዳ ጋዝ እስከ ፀረ ኤች አይ ቪ ክኒን፦ ዚንክና ሲሊከን በመድኃኒት ቅመማ

ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ሸዋ ሮቢት፣ የጣርማ በርን ተራራ ቁልቁል ወርዶ የይፋትን ቆላ በማቋረጥ ወደ ደሴ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። አካባቢው በሽንኩርት፣ በቲማቲም፣ በማሾና በማሽላ ምርቱ የሚታወቅ ሲሆን፣ ለምርቱ ገበያ ያስገኘለትም ይኸው መንገድ ነው። ይሁን እንጂ መንገዱ ይዞ የመጣው ሲሳይ ብቻ አልነበረም። ኤች አይ ቪ በኢትዮጵያ መኖሩ እ.ኤ.አ. በ1984 ከታወቀና የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን በ1986 ከተመዘገቡ በኋላ የተካሄዱ ጥናቶች፣ ቫይረሱ ቀድሞ ከተስፋፋባቸው ስፍራዎች መካከል የጭነት መኪናዎች የሚመላለሱባቸው መስመሮችና አሽከርካሪዎች የሚያድሩባቸው ከተሞች እንደሚገኙ አሳይተዋል።

በጥር ወር 1997 ዓ.ም. የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና በነፃ መሰጠት ሲጀምር፣ በሌሎች የሀገሪቱ ክፍሎች እንደሆነው ሁሉ በእነዚህ መስመሮች ላይ ለሚኖሩ ሕሙማንም አዲስ ምዕራፍ ተከፈተ። በሕክምናው ውስጥ ለረጅም ዓመታት ትልቅ ድርሻ ከነበራቸው መድኃኒቶች አንዱ ኢፋቪሬንዝ ነው። በተለይ ሪፋምፒሲን የተባለውን የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ጨምረው ለሚወስዱ ሕሙማን ከሌሎቹ ይልቅ ተመራጭ ነበር። መድኃኒቱ የማዞር ስሜትና እንግዳ ሕልም ስለሚያስከትል ሕሙማን ማታ ከመኝታ በፊት እንዲወስዱት ይመከሩ ነበር።

ይህ ክኒን በብዛትና በተመጣጣኝ ዋጋ እንዲመረት ከተፈለገ ኬሚስቶች አንድ አስቸጋሪ ደረጃ መሻገር ነበረባቸው። ደረጃውን ለማቃለል የረዳቸው የቤት ክዳን ቆርቆሮን ከዝገት የሚጠብቀው ዚንክ ነው። ይህ ጽሑፍ ዚንክ በመድኃኒት ቅመማ ውስጥ ምን እንደሚሠራ፣ ከአሸዋ የሚገኘው ሲሊከንም በዚሁ ሥራ ምን ድርሻ እንዳለው ያስረዳል። ይህን ዓይነቱን እውቀት በእጅ ማድረግ ለሀገር ምን ትርጉም እንዳለውም ይመለከታል።

የብየዳው ጋዝ ቤተሰብ

በአውራ ጎዳና ዳር የሚገኙ ጋራዦች ለብየዳ የሚጠቀሙበት ጋዝ አሴቲሊን ይባላል። ካርባይድ በሚል ስም የሚታወቀው ግራጫ ድንጋይ መሰል ነገር ውሃ ሲነካው ይህን ጋዝ ይለቃል። ጋዙ ከኦክስጅን ጋር ሲነድ ብረት የሚያቀልጥ ነበልባል ይሰጣል። ይህን ያህል ኃይል ሊሰጥ የቻለው በአፈጣጠሩ ምክንያት ነው። አንድ የአሴቲሊን ሞለኪውል ሁለት የካርቦን አተሞች ያሉት ሲሆን፣ እነዚህ አተሞች እርስ በርሳቸው በሦስት እጥፍ ማሰሪያ ተያይዘዋል። በዳርና በዳር ደግሞ አንዳንድ ሃይድሮጅን ተቀጥሎባቸዋል።

ይህን ሦስት እጥፍ ማሰሪያ የያዙ ንጥረ ነገሮች ሁሉ በኬሚስትሪ አልካይን ተብለው ይጠራሉ። አልካይኖች ቀጥ ያሉ፣ ቀጭንና ጠንካራ ናቸው። ሞለኪውል ለሚገነባ ኬሚስት እንደ ማገር የሚያገለግሉ ሲሆን፣ ሁለት ክፍሎችን በተወሰነ ርቀትና አቅጣጫ አራርቆ ለመያዝ ይመቻሉ።

አልካይን ከብየዳው ቤት ውጭም በየዕለቱ ያጋጥመናል። ብዙዎቹ የእርግዝና መከላከያ ክኒኖችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀብሩት ኢምፕላኖን በውስጣቸው የአሴቲሊን ቁራጭ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1938 በበርሊን የሚገኘው የሼሪንግ ኩባንያ ኬሚስቶች አሴቲሊንን ከሴት ሆርሞን ጋር ሲያጣምሩ፣ በአፍ ሲወሰድ ጉበት በቀላሉ የማያፈርሰው ሆርሞን ማግኘት ችለዋል። ከዚያ ቀደም ሆርሞኑ ቢዋጥም ብዙ ሳይቆይ ይፈርስ ስለነበር የረባ ጥቅም አልነበረውም።

ተፈጥሮም ብትሆን አልካይን ትሠራለች። በሀገራችን ገበያዎች ለጭስ የሚሸጠው ቀበሪቾ የሚመደብበት የዕፅዋት ወገን በሥሩ ውስጥ ሦስት እጥፍ ማሰሪያ ያላቸው ልዩ ልዩ ንጥረ ነገሮች አሉት። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩትና በኋላም የአፍሪካ ሳይንስ አካዳሚን በዋና ዳይሬክተርነት የመሩት ፕሮፌሰር ብርሃኑ አበጋዝ፣ ከዚሁ ወገን የአንዱን ተክል ሥር መርምረው ያገኟቸውን እንዲህ ያሉ ንጥረ ነገሮች እ.ኤ.አ. በ1991 ለዓለም ሳይንስ አሳውቀዋል።

ቀኝና ግራ እጅ

ኢፋቪሬንዝ 14 ካርቦን፣ 9 ሃይድሮጅን፣ 3 ፍሎሪን፣ 2 ኦክስጅን፣ 1 ናይትሮጅንና 1 ክሎሪን ያሉት ሞለኪውል ነው። በመርክ ኩባንያ ቤተ ሙከራ የተገኘ ሲሆን፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አገልግሎት ላይ እንዲውል የፈቀደው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1998 ነበር። ከሞለኪውሉ ጎን አንድ አልካይን ወጥቶ ይታያል፤ በአልካይኑ ጫፍ ላይ ደግሞ ሦስት ካርቦኖች የሠሩት ትንሽ ቀለበት አለ። መድኃኒቱ ቫይረሱ ራሱን ለማባዛት በሚጠቀምበት ኢንዛይም ውስጥ ወዳለች ጠባብ ኪስ ገብቶ ይሰካና ኢንዛይሙን ሥራ ያስፈታዋል። አልካይኑና ቀለበቱም ከዚህች ኪስ ጋር ከሚገጣጠሙት ክፍሎች መካከል ናቸው።

ችግሩ ያለው አልካይኑን ከቀሪው የሞለኪውል ክፍል ጋር በማጣመሩ ላይ ነው። አልካይኑ የሚጣመርበት ካርቦን አራት የተለያዩ ነገሮችን ስለሚይዝ፣ ውጤቱ እንደ ቀኝና ግራ እጅ ሁለት መልክ ይኖረዋል። ሁለቱ መልኮች በአተም ብዛትም ሆነ በአያያዝ ቅደም ተከተል አንድ ናቸው። ሆኖም አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል በመሆኑ ቢደራረቡ አይገጥሙም። የቀኝ እጅ ጓንት ለግራ እጅ እንደማይሆን ሁሉ፣ የኢንዛይሟ ኪስም የምትፈልገው ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነው።

ሁለቱን በተለመደው መንገድ ሲያጣምሯቸው ግማሹ ቀኝ፣ ግማሹ ግራ ይሆናል። ይህም ውድ ከሆነው ጥሬ ዕቃ እኩሌታው ለማይፈለገው መልክ ዋለ ማለት ነው። ስለዚህ አልካይኑ ከአንድ ወገን ብቻ እንዲገባ የሚያደርግ በረኛ ያስፈልጋል።

የዚንክ ድርሻ

መጀመሪያ ላይ ሥራው የተያዘው በሊቲየም ነበር። ሊቲየም የያዘ አልካይን ኃይለኛና ችኩል በመሆኑ፣ በረኛው ሥራውን በትክክል እንዲሠራ የማምረቻ ጋኑን ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ማቀዝቀዝ ግድ ነበር። ከአልካይኑም ሆነ ከበረኛው ከሚያስፈልገው እጥፍ ያህል መጨመር ነበረበት። በዚህ ላይ በሞለኪውሉ ላይ ያለው ናይትሮጅን ሥራውን እንዳያውክ አስቀድሞ መሸፈንና በኋላ ሽፋኑን መግፈፍ ይጠይቅ ነበር። እያንዳንዱ ተጨማሪ ደረጃ ጊዜን፣ ኃይልንና ገንዘብን የሚፈልግ በመሆኑ በመጨረሻው ዋጋ ላይ ጫናው ይታያል።

እ.ኤ.አ. በ1999 የመርክ ኬሚስቶች የሆኑት ሉሺ ታን እና ባልደረቦቻቸው በዚንክ የሚታገዝ አዲስ መንገድ ይፋ አደረጉ። ዚንክ ከካርቦን ጋር ሊያያዝ መቻሉ አዲስ ግኝት አይደለም፤ እንግሊዛዊው ኬሚስት ኤድዋርድ ፍራንክላንድ ዳይኤቲል ዚንክ የተባለውን ፈሳሽ የሠሩት በ1840ዎቹ መጨረሻ ነው። ፈሳሹ አየር ሲነካው በራሱ ስለሚቀጣጠል ሠራተኞች የሚገለገሉበት ናይትሮጅን በተሞላ ዝግ ዕቃ ውስጥ ነው። ነገር ግን ከሌሎች ንጥረ ነገሮች ጋር ከተዋሐደ በኋላ የዚንክ ጠባይ ከሊቲየም ይልቅ የረጋ ይሆናል።

በአዲሱ ዘዴ ዚንኩ በረኛውን፣ አንድ ተራ አልኮልንና በማግኒዥየም የተያዘውን አልካይን በአንድነት ሰብስቦ ይይዛል። አልካይኑ ወደ ቀሪው የሞለኪውል ክፍል የሚሻገረው በዚህ ስብስብ ውስጥ ሆኖ ነው። በረኛው አንዱን አቅጣጫ ስለሚዘጋበት ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ከአንድ ወገን ይገባል። በዚህም ከሚገኙት 100 ሞለኪውሎች ከ99 በላይ የሚሆኑት የሚፈለገውን መልክ የያዙ ናቸው። ያ ጥልቅ ቅዝቃዜም ሆነ ናይትሮጅኑን የመሸፈኑና የመግፈፉ ድካም አላስፈለገም።

በረኛው ራሱ ለይፋት ነዋሪ ሩቅ አይደለም። ኖርኤፌድሪን ከተባለ ንጥረ ነገር የሚሠራ ሲሆን፣ ይኸው ኖርኤፌድሪን በይፋት ቆላም በሚበቅለው በጫት ቅጠል ውስጥ በትንሽ መጠን ይገኛል። ጫት የሚያነቃቃው በዋናነት ካቲኖን በተባለው ንጥረ ነገር አማካይነት ነው። ቅጠሉ እየጠወለገ ሲሄድ ካቲኖን ወደ ኖርኤፌድሪንና ወደ ዘመዱ ካቲን ይለወጣል። የጫት ተጠቃሚዎች እርጥቡን መምረጣቸውና ነጋዴዎችም በኮባ ጠቅልለው ለማድረስ መጣደፋቸው ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። የመድኃኒት ፋብሪካዎች ኖርኤፌድሪንን የሚያገኙት ግን በራሳቸው የአሠራር ዘዴ እንጂ ከጫት አይደለም። መታወቅ ያለበት ጉዳይ፣ ተፈጥሮ ሁልጊዜ አንዱን እጅ ብቻ መርጣ የምትሠራቸው እንዲህ ያሉ ሞለኪውሎች ለኬሚስቶች ሌሎች ሞለኪውሎችን የሚቀርጹባቸው መሣሪያዎች መሆናቸው ነው።

ሲሊከን እንደ ክዳን

በኢፋቪሬንዝ ውስጥ የአልካይኑ አንድ ጫፍ አስቀድሞ በቀለበት የተያዘ ስለሆነ የሚጣመረው ሌላው ጫፍ ብቻ ነው። ኬሚስቱ ሥራውን ከአሴቲሊን የጀመረ እንደሆነ ግን ሁለቱም ጫፎች ክፍት ናቸው። አንዱን ሲፈልግ ሁለቱም ሊጣመሩበትና ውጤቱ ሊዘበራረቅበት ይችላል። አሴቲሊን ጋዝ መሆኑ፣ ግፊት ሲበዛበትም የመፈንዳት አደጋ ያለበት መሆኑ ሌላው ችግር ነው።

መፍትሔው አንዱን ጫፍ በሲሊከን መክደን ነው። ሲሊከን በወንዝ አሸዋ ውስጥ ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ የሚገኝ፣ በምድር ቅርፊት ውስጥ በብዛቱ ከኦክስጅን ቀጥሎ የሚመጣ ንጥረ ነገር ነው። ኬሚስቶች ሲሊከኑን ሦስት ትንንሽ የካርቦን ክንፎች አልብሰው ከአሴቲሊን አንድ ጫፍ ጋር ያያይዙታል። የሚገኘው ውጤት እንደ ጋዙ የማያስቸግር፣ በጠርሙስ የሚቀመጥና ተለክቶ የሚቀዳ ፈሳሽ ነው። ክፍቱ ጫፍ ከሚፈለገው ክፍል ጋር ከተጣመረ በኋላ ክዳኑ በቀላሉ ይነሣል። ለዚህ ከሚያገለግሉት ነገሮች አንዱ ፖታሺየም ካርቦኔት ሲሆን፣ ይህም በእንጨት አመድ ውሃ ውስጥ የሚገኘው ዋነኛ ጨው ነው። ክዳኑ ሲነሣ ሁለተኛው ጫፍ ለቀጣዩ ሥራ ዝግጁ ይሆናል።

ዚንክ በዚህም ሥራ ውስጥ ይገባል። ሲሊከንን ከአልካይን ጋር ማያያዝ ለረጅም ጊዜ ይከናወን የነበረው በሊቲየም ወይም በማግኒዥየም አማካይነት ነበር። እነዚህ ኃይለኛ በመሆናቸው በሞለኪውሉ ላይ ያሉ ሌሎች ስስ ክፍሎችን ሊጎዱ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2008 የወጡ የምርምር ጽሑፎች ግን አንድ የዚንክ ጨው ከቀላል አሚን ጋር ሆኖ ይህንኑ ሥራ በለዘብተኛ ሁኔታ እንደሚፈጽም አሳዩ። ዚንኩ በሦስት እጥፍ ማሰሪያው ላይ አርፎ በጫፍ ያለውን ሃይድሮጅን ያላላዋል። አሚኑ ሃይድሮጅኑን ይወስደዋል፤ በቦታውም ሲሊከን ይተካል።

ከዚያ ቀደም ብሎ በ2000 በስዊዘርላንድ በዙሪክ የቴክኖሎጂ ተቋም ኤሪክ ካሬራ እና ባልደረቦቻቸው ይኸው የዚንክ ጨው ሲሊከን የተከደነባቸውን ጨምሮ ልዩ ልዩ አልካይኖችን በአንድ መልክ ብቻ ለማጣመር እንደሚያስችል አሳይተው ነበር። ሥራው የሚከናወነው በተራ የክፍል ሙቀት ሲሆን፣ በረኛውም የኖርኤፌድሪን የቅርብ ዘመድ ነው።

የትናንቱ እርሾ

እ.ኤ.አ. በ2011 የካሬራ ቡድን ወደ ኢፋቪሬንዝ ተመልሶ አንድ ተጨማሪ ማሻሻያ አደረገ። ለእንጀራም ሆነ ለዳቦ ቤት ውስጥ ሊጥ የሚያቦካ ሁሉ ከትናንቱ ሊጥ ጥቂት አስቀርቶ ለዛሬው እርሾ ማድረግን ያውቃል። ተመራማሪዎቹም አስቀድሞ ከተሠራው ትክክለኛ መልክ ካለው ውጤት ጥቂት ወስደው ከዚንኩና ከበረኛው ጋር ቢጨምሩት፣ አዲሱ ምርት ያንኑ መልክ ይዞ እንደሚወጣ አረጋገጡ። በዚህም የሚያስፈልገውን የበረኛና የዳይኤቲል ዚንክ መጠን መቀነስ ተችሏል።

ከኬሚስትሪው ጎን ለጎን የሕክምና ምርምሩም ለቁጠባ በር ከፍቷል። በ2014 የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት በቀን 400 ሚሊ ግራም ኢፋቪሬንዝ ቀድሞ ይሰጥ ከነበረው 600 ሚሊ ግራም ያላነሰ ውጤት እንዳለው አሳይቷል። ይህ ማለት ከአንድ ሕመምተኛ የዕለት መጠን ሲሦው ሊቀነስ ይችላል ማለት ነው።

በዚህ ረገድ የኢትዮጵያውያን አስተዋጽኦም ተጠቃሽ ነው። በስዊድን ካሮሊንስካ ተቋም የሚገኙት ፕሮፌሰር ኢሌኒ አክሊሉ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር በመሆን፣ ኢፋቪሬንዝን በጉበት ውስጥ የሚያፈርሰው ኢንዛይም ከሰው ሰው በዘር ውርስ እንደሚለያይ በኢትዮጵያውያን ሕሙማን ላይ አጥንተዋል። በ2013 በወጣው ጥናት መሠረት የኢትዮጵያና የታንዛኒያ ሕሙማን ተመሳሳይ መጠን ቢወስዱም፣ በደማቸው የሚገኘው የመድኃኒት መጠን በታንዛኒያውያኑ ከፍ ብሎ ታይቷል። ጥናቱ አንድ መጠን ለሁሉም አፍሪካዊ እኩል ነው የሚለው አስተሳሰብ ስሕተት መሆኑን ያመለከተ ነበር።

እውቀትና የመደራደር አቅም

በ2000 የአንድ ሕመምተኛ የዓመት የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ዋጋ ከ10 ሺህ የአሜሪካ ዶላር በላይ ነበር። ዋጋው እንዲወርድ ያደረጉት ምክንያቶች ብዙ ናቸው፤ የሕሙማን ትግል፣ የሕንድ ፋብሪካዎች ውድድር፣ የለጋሾች ግዥና የቅመማ ሂደት መሻሻል ተጠቃሾች ናቸው። ታይላንድ በ2006፣ ብራዚል ደግሞ በ2007 የባለቤትነት መብቱን አልፈው ኢፋቪሬንዝን ከሌላ ምንጭ ለማግኘት የሚያስችል የግዴታ ፈቃድ አውጥተዋል። ብራዚል መድኃኒቱን መጀመሪያ ከሕንድ ገዝታ ቆይታ በ2009 በራሷ የመንግሥት ተቋም ማምረት ጀምራለች። ሞለኪውሉን እንዴት እንደሚሠሩት የሚያውቁ ኬሚስቶች ያሏት ሀገር በድርድር ጠረጴዛ ላይ የምትናገረው ቃል ክብደት እንደሚኖረው ከዚህ መገንዘብ ይቻላል።

የሀገራችን የመድኃኒት ፋብሪካዎች በአብዛኛው የሚሠሩት ዋናውን ንጥረ ነገር ከውጭ አስገብቶ ወደ ክኒንና እንክብል መለወጥ ነው። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የ10 ዓመት የመድኃኒት ማምረቻ ልማት ስትራቴጂ ይህንን ሁኔታ ለመለወጥ ያለመ ነበር። ጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ባገደበት ወቅት፣ በእርዳታ በሚገኝ መድኃኒት ላይ የተመሠረተ የሕክምና አቅርቦት ምን ያህል ለስጋት የተጋለጠ እንደሆነ በመላው አፍሪካ ታይቷል።

ኢፋቪሬንዝ ዛሬ ቀዳሚ ምርጫ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2018 ጀምሮ ዶሉቴግራቪርን በማስቀደሙ ኢትዮጵያም ወደዚያው ተሸጋግራለች። አዲሱ መድኃኒት አልካይን የለበትም። ነገር ግን ሦስት እጥፍ ማሰሪያው ከኤች አይ ቪ ትግል አልወጣም። በዓመት ሁለት ጊዜ በመርፌ የሚሰጠውና በሰኔ 2025 በአሜሪካ ለመከላከያነት የተፈቀደው፣ በቀጣዩ ወርም የዓለም ጤና ድርጅት እንዲሰጥ የመከረው ሌናካፓቪር በሞለኪውሉ መካከል አልካይን ይዟል። ከ2027 ጀምሮ በዓመት በ40 ዶላር ገደማ ለማቅረብ ስምምነት መደረጉም ተገልጿል። ዋጋው እዚህ ደረጃ እንዲደርስ ከሚያስፈልጉት ነገሮች አንዱ እንዲህ ያለውን ውስብስብ ሞለኪውል በአነስተኛ ወጪ መሥራት መቻል ነው።

በደብረ ብርሃንና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች ኬሚስትሪ የሚያጠና ተማሪ ስለ አልካይን፣ ስለ ዚንክና ስለ ሲሊከን የሚማረው ትምህርት ከፈተና ያለፈ ጥቅም አለው። በሸዋ ሮቢትም ሆነ በሌላ የመንገድ ዳር ከተማ የሚኖር ሕመምተኛ ነገም መድኃኒቱን ሳያቋርጥ እንዲያገኝ፣ ይህን እውቀት ወደ ማምረት ተግባር የሚለውጡ ባለሙያዎችን ማፍራትና ሥራቸውን የሚሠሩባቸውን ቤተ ሙከራዎች ማጠናከር ያስፈልጋል።